የጩዎል በሬ ቀንዶች

በ1986 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ የባሮ ውሃ ከክረምት ሙላቱ ጎድሎ ዳርቻው በታየበት ሰሞን፣ ጋምቤላ ክልል ዐሥራ ሁለት ተብላ የራሷን ምክር ቤት ካቆመች ገና ብዙም አልቆየችም ነበር፤ ሹማምንቱ ስለ ሥልጣንና ስለ ወሰን ሲመክሩ፣ በኒውላንድ ሰፈር በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ወይዘሪት መቅደላዊት የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን ስለ መስመር ታስተምር ነበር።

«ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ሰው ይሆናል፤ የተጋደመው የባሮ ዳር ነው፤ ጎበጥ ያለው ደግሞ የበሬ ቀንድ። በሉ እንግዲህ፣ በሬ ሣሉልኝ!»

ኛዌች የምትባል የሰባት ዓመት የኑዌር ልጅ፣ አንዱ ቀንዱ ወደ ላይ የቆመ፣ ሌላው በግንባሩ ላይ ወደ ታች የታጠፈ በሬ ሣለች። መቅደላዊት የደብረ ታቦር ገበሬ ልጅ ናትና የበሬ ነገር ለእርሷ አይነገራትም፤ «የኔ ዓለም፣ ቀንድ እኮ ሁለቱም እኩል ነው» ብላ አጥፍታ አስተካከለችላት። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ እያለቀሰች ወጣች።

በማግሥቱ አባቷ ጩዎል ልጁን አስከትሎ በር ላይ ቆመ።

«ቲቸር፣ በሬዬን ለምን ሰበርሽ? ቀንዱን እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ ወይፈን ሆኖ፣ እንዲህ እንዲያድግ። ሰው እኔን በሱ ስም ነው የሚጠራኝ። ኛዌች ከእንግዲህ እዚህ የለም። ወደ ከብቶቹ ትሄዳለች።»

መቅደላዊት ያቺን ልጅ ትወዳት ነበር። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ሲባል ከልጅነቷ ሰምታለች፤ በራሷ ላይ ይደርሳል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

«አጥፍቻለሁ፣ አቶ ጩዎል» አለች፤ «እባክዎ ለእኔም ለልጆቹም ያሳዩን፤ እንዴት ነው የሚታጠፈው?»

ጩዎል የዘረጋችለትን ጠመኔ አልተቀበለም። አንድ ክንዱን ወደ ላይ አነሣ፣ ሌላውን በግንባሩ ላይ አጎበጠ፤ የበሬውን ዘፈን እያንጎራጎረም መሬቱን በእግሩ መታ። ሕፃናቱ ተነሥተው ክንዳቸውን አጎበጡ፤ ከአባቷ ኋላ የተሸሸገችው ኛዌችም ሳቋ አመለጣት። መቅደላዊት ክንዱን እያየች በሰሌዳው ላይ ሣለች፤ ስትሳሳትም «ዝቅ በይ፣ ዝቅ» እያለ አረማት።

ሲያልቅ ቀረብ ብሎ አየው። «እሱ ነው» አለ፤ ልጁንም ወደ መቀመጫዋ ገፋ አደረጋት።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ሹመቱን፣ ሽረቱንና የወሰኑን ክርክር ጽፈዋል፤ ብዙ ሰው የደከመበት ነውና ደግ አደረጉ። ስለዚያች ክፍል ግን የጻፈ የለም፤ በሬውም በማግሥቱ ለሂሳብ ትምህርት ከሰሌዳው ተጠርጓል። ኛዌች በዚያው ዓመት ማንበብ ቻለች።