የሩሐማ አረንጓዴ

«ይሄ አረንጓዴ ነው? እስቲ ንገሪኝ! የታመመው ዓይኔ ከሆነ ሐኪም ቤት ልሂድ!»

ደመቀች ጥለቱን ከላስቲኩ አውጥታ መስኮቱ ጋ ዘረጋችው። ልጇ ኤልዳና ማየት አልፈለገችም፤ ግን አየችው። ትናንት ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የመጣው የሙሽራ ጥለት ሦስት ቀን ድስት ውስጥ የከረመ ጎመን ይመስላል። ሙሽራዋ ሩሐማ የመረጠችው ደግሞ ደማቅ፣ ከሩቅ የሚጣራ አረንጓዴ ነበር። የሚዜዎቿ ቀሚስ በዚያው ቀለም ተሰፍቶ አልቋል። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ።

ደመቀች ቡጎሎቢ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ የሀገር ልብስ ትሰፋለች። ካምፓላ ውስጥ ሀበሻ ሲያገባ በሯን ሳያንኳኳ አይቀርም። ጥለቱን አዲስ አበባ ሆነው የሚሸምኑላት ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። መንገደኛ ከተገኘ ናሙና ጨርቅ ይላክላቸዋል። ካልተገኘ ፎቶ በቴሌግራም ይላክና እሳቸው ገበያ ወጥተው ክሩን ከፎቶው ጋር እያስተያዩ ይገዛሉ። በዚህኛው ጊዜ መንገደኛ አልተገኘም። ፎቶውን ያነሳችውም፣ ያስተካከለችውም፣ የላከችውም ኤልዳና ናት።

እናቷ ደወለች።

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ዓመት አምኜዎት እንዲህ ይሠሩኛል?»

«ደሜ፣ ልጄ፣ የላክሽልኝን ነው የሸመንኩት» አሉ ሽማግሌው። «ፎቶው ይኸው ስልኬ ላይ አለ።»

«እኔ የላክሁት አረንጓዴ ነው! ዓይንዎ ከደከመ ሥራውን ይተዉት እንጂ በሰው ሠርግ አይጫወቱ!»

ዘጋችው። ደመቀች በሽማግሌ ላይ ስልክ ዘግታ አታውቅም።

«ዛሬውኑ ግሩፑ ላይ አስጽፍሻለሁ» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ሌላ ሰው እንዳይቃጠል። አሁን ኪኩቦ ገበያ ሄጄ የሚመስል ክር ከተገኘ ልይ። የሩሐማ እናት አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ።»

ግሩፑ ውስጥ ካምፓላም ናይሮቢም ያሉ ልብስ ሰፊዎች አሉ። አብዛኞቹ ለጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ሥራ የሚሰጡት በደመቀች ምስክርነት ነው። እሷ ክፉ ካስጻፈች የሽማግሌው እንጀራ ተዘጋ ማለት ነው።

በሩ እንደተዘጋ ኤልዳና የአጎቷ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። አጎቷ ይልቃል ፎቶ አንሺ ነው፤ ለሥራ ጉሉ ከተማ ሄዷል። ትንሽ መሣሪያ ስክሪኑ ላይ እያንጠለጠለ በየወሩ ቀለሙን ይለካል፣ ያስተካክላል። «በዚህ ስክሪን ያየሽውን እመኚ» ይላል ሁልጊዜ። እሷም አምና ነበር።

መጀመሪያ ያነሳችውን ፎቶ ይልቃል በሚሠራበት ፕሮግራም ከፈተችው። የሩሐማ አረንጓዴ። ያንኑ ፎቶ ከመላኳ በፊት የጥለቱን ልክ በላዩ በጻፈችበት በሌላው ፕሮግራም ከፈተችውና ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ጎመን! አንድ ስክሪን፣ አንድ ፎቶ፣ ሁለት ቀለም። ብርሃኑን ቀነሰች፣ ጨመረች፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች። ወይ ፍንክች። ጉሉ ደወለች።

«ስክሪኑ ምንም አልሆነም» አለ ይልቃል። «ፎቶው ውስጥ ቀለሙ እንዴት እንደሚነበብ የሚናገር ማስታወሻ አለ፤ ፕሮፋይል እንለዋለን። የእኔ ፕሮግራም ያነበዋል፣ ያኛው አያነበውም። ጭራሽ ሴቭ ስታደርጊበት ማስታወሻውን ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ የትም ብትከፍቺው ፈዛዛ ነው። ምነው፣ የሆነ ነገር ተበላሸ እንዴ?»

«አይ፣ ምንም።»

ስልኩን ስታስቀምጥ ጆሮዋ ጋለ። ፎቶውን በላከችበት ቀን ቀለሙ ሲደበዝዝ አይታው ነበር። ጓደኛዋ ፌኒ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር አስቁማ ከታች ሆና «ኤልዱ፣ ቦዳው ጥሎን ሊሄድ ነው!» እያለች ትጮህ ነበር። «ስክሪኑ እንደሆነ ተስተካክሏል፤ ቀለሙ አይሳሳትም» ብላ ላከችው፤ ከዚያ ወረደች።

እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሁልጊዜ እሷ የምትጽፍበትንና የምትመልስበትን የእናቷን ቴሌግራም ከፈተች። ከፎቶው ሥር የጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ የድምፅ መልእክት ነበር። መስማት አላስፈለጋትም፤ ያን ቀን ልትወርድ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አስገብታ ሰምታዋለች። ከሥሩ መልስ አለ፦ ወደ ላይ የቆመ አንድ አውራ ጣት። የእሷ ነው።

ለፌኒ ሁሉንም ጻፈችላት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «አጥፊው በቃ። እናትሽ አላየችውም አይደል? ሽማግሌው እንደሆነ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ የት ያገኝሻል?»

እውነት ነው፣ ማጥፋት ይቻላል። መልእክቱን ስትነካው «ለሁለቱም ይጥፋ» የሚል ምርጫ መጣ። ፎቶውም፣ ድምፁም፣ አውራ ጣቱም ከዚህም ከእሳቸውም ስልክ ይጠፋሉ። ከዚያ ሽማግሌው ምን ይዘው ይከራከራሉ? ኤልዳና ፈራች። እናቷን ፈራች፤ ከእናቷ ይልቅ ግን ጣቷ ወደዚያ ቃል እንዴት ቀለል ብሎ እንደሄደ ስታይ ራሷን ፈራች።

በሩ ተከፈተ። ደመቀች ባዶ እጇን ነበር፤ ከኋላዋ የሩሐማ እናት ወይዘሮ አክበረት ደረጃው አድክሟቸው ቁና ቁና እየተነፈሱ ገቡ። ጥለቱን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ልጄን እንዲህ አድርጌ ነው የምድራት?»

«የሸማኔው ሥራ ነው እትዬ አክበረት፤ አርጅቷል» አለች ደመቀች። ቅድም በስልክ አንቱ ያለቻቸውን ሰው አሁን እሱ አለቻቸው። «ኤልዱ፣ ነይ ጻፊልኝ። ‹ሀብተ ጊዮርጊስ ለሚባል ሸማኔ ሥራ እንዳትሰጡ› በይ።»

ኤልዳና እጇን ማውሱ ላይ አደረገች። የጻፈችው ግን የለም፤ የድምፅ መልእክቱን ነካችው። የሽማግሌው ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

«ደሜ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ መሰለኝ። እንዲሁ ነው የምትፈልጊው? ክሩን ሳልገዛ ንገሪኝ እንጂ።»

ደመቀች ወደ ስክሪኑ ቀረበችና አውራ ጣቱን አየች። ከዚያ ልጇን።

«እኔ ነኝ እማዬ» አለች ኤልዳና። «ፎቶውን ያበላሸሁትም፣ አዎ ያልኳቸውም። እያየሁት።»

እናቷ ጥለቱን አጣጥፋ ወደ ላስቲኩ መለሰችው። ብትጮህ ይሻል ነበር። ወይዘሮ አክበረት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ስልክሽን ስጪኝ» አለች ኤልዳና።

ደመቀች ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ አራት።

«አቤት ደሜ» አሉ ሽማግሌው፣ ሌላ ስድብ እንደሚጠብቅ ሰው ቀስ ብለው።

«ደሜ አይደለችም ጋሼ» አለች። «ልጇ ነኝ።»