በመበለቷ ድስት ውስጥ

አርቺባልድ ሬኒ የሞተው በጎልፍ ሜዳው አሥራ አንደኛ ጉድጓድ አጠገብ፣ «የመበለቷ ድስት» በሚባለው የአሸዋ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ጎድጓዳው ከሰው ቁመት ይጠልቃል፤ ግድግዳው እንደ ጡብ በተደረደረ ሣር የተሠራ ነው። ኳሱ እዚያ የገባበት ተጫዋች የሚያየው ሰማይንና የራሱን ኃጢአት ብቻ ነው ይላሉ የኢንቨርላሪክ ሰዎች። ሬኒ ግን ሰማዩንም አያይም። በሆዱ ተደፍቷል፤ ማጅራቱ ተፈንክቷል።

ኢንስፔክተር ሴንጋ ሞፋት ከጫፉ ላይ ቆማ ቁልቁል ተመለከተች። በዚህ ሳምንት ሁለተኛ አስከሬኗ ነው። ጫማዋ ውኃ አስገብቷል፤ ከባሕሩ የመጣው ጭጋግም ሜዳውን ሁሉ ውጦታል።

«ወድቆ ይሆን?» አለ ሳጅን ዱጋልድ።

«ማጅራቱን ተፈንክቶ በሆዱ የሚወድቅ ሰው አሳየኝ።»

«እሺ። እንግዲያው የሜዳ ጠባቂው ሙርዶ ነዋ! አሸዋውን እይው።»

አሸዋው ከአስከሬኑ ጫፍ ጀምሮ እስከ ጎድጓዳው መውጫ ድረስ እንደ ታረሰ ማሳ መስመር መስመር ወጥቶለታል። አንድም የእግር ዳና የለም። ባለ ጥርሱ የአሸዋ መደልደያ እዚያው ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል።

«አሸዋ መደልደል የእሱ ሥራ ነው» አለ ዱጋልድ። «ሰኞ ዕለት ሬኒ ‹አባርርሃለሁ› ብሎት በሰው ፊት ተሰዳድበዋል። አስከሬኑን ያገኘውም ራሱ ሙርዶ ነው። አለቃም ደውለዋል፤ ሌላ ሰው ካልተገኘ ሙርዶ ከምሳ በኋላ ታስሮ ወደ ከተማ ይምጣልኝ ብለዋል።»

«አለቃ ምሳቸውን ይብሉ» አለች ሴንጋ።

ሙርዶ ኪናርድ በፖሊሱ መኪና የኋላ ወንበር ላይ እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ነፋስ የላጠው ፊት ነው ያለው። ሴንጋ አጠገቡ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ሰውየውን ገድለውታል?»

«ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ዛሬ ግን ሌሎቹን ጎድጓዳዎች ደልድዬ ሣር አጭድ ነበር።»

«ማን አየዎት?»

«በዚህ ጭጋግ? በግም አላየኝም።» አፍንጫውን በታሰረ እጁ ጠረገ። «ጫፉ ላይ እንደ ደረስኩ ‹የትኛው ደንቆሮ ነው መደልደያውን ውስጥ የጣለው?› ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ነው ሬኒን ያየሁት። አለመመለሱም አልገረመኝም፤ ሰላምታም አይመልስም ነበር።»

«ውስጥ ቢጣል ምን ይሆናል?»

«ነፋሱ አሸዋ ያለብሰዋል፣ ኳስ ይመታዋል፤ ከዚያ እኔ በዚህ ጉልበቴ ወርጄ ላወጣ! ውጭ አስቀምጡ እያልኩ የክለቡን አባላት ስንት ዓመት ለመንኳቸው፣ ልጄ። እነሱ የረገጡትን ደልድለው እዚያው ወርወር ነው። ትልልቅ ሰዎች አይደሉ?»

ሴንጋ ከመኪናው ወርዳ ሙርዶ ጠዋት ያስተካከላቸውን ጎድጓዳዎች አንድ በአንድ አየች። ሁሉም እስከ ጠርዛቸው ተደልድለዋል፤ መደልደያዎቹም ሁሉ ውጭ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል።

የክለቡ ጸሐፊ ወይዘሮ ዊልሚና ጌዲስ ጠዋቱን ሙሉ ስልክ ላይ እንደ ነበረች ዱጋልድ አጣርቷል። ሴትየዋ የደረቀ ኬክ ቆርሳ ለሴንጋ ገፋችላት።

«ዛሬ ለጨዋታ የወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አርቺና ዶክተር ሌይድሎ። ረቡዕ ረቡዕ፣ አርባ ዓመት።»

«ወዳጆች ነበሩ?»

«ምን ወዳጅነት አለ? ጎልፍ ነበር የሚጫወቱት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አርቺ ምት ሲቆጥር ትንሽ ቸር ነበር።»

«ለማን?»

«ለራሱ ነዋ! ጥቂት የመታ አይደል የሚያሸንፈው? የአርቺ ሦስት ምንጊዜም አራት ነው።»

«ተናግሮት የሚያውቅ ሰው አለ?»

«የክለቡ ሊቀመንበር እኮ ነው፣ የኔ እህት! እዚህ ቤት ሰው ሚስቱን ቢያታልል ይሳቅበታል። ምት ሰረቀ ከተባለ ግን አብሮት የሚቀመጥ የለም። ስለዚህ ማንም አይናገርም። አብሮት የሚጫወተው ይውጠዋል፤ አበቃ።»

ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም ዶክተር ስትሩዋን ሌይድሎ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጦ ያልነካው ሾርባ ይቀዘቅዝበታል።

«አሥረኛው ጉድጓድ ላይ ተለየሁት» አለ። «ጉልበቴን አመመኝና በባሕሩ ዳር ተመለስኩ። እሱ ብቻዬን እጨርሳለሁ አለ።»

«አሥራ አንደኛውን ሲጫወት አላዩትም?»

«በዚህ ጭጋግ ማን ማንን ያያል?»

«ድስቱ ጋ አልደረሱም?»

«አልደረስኩም አልኩሽ እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«ይናፍቅዎታል?»

ሌይድሎ ሾርባውን ገፋ አደረገው። «ረቡዕን ምን እንደማደርጋት አላውቅም።»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሴንጋ ሁሉንም ድስቱ ጫፍ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሙርዶም ከነካቴናው መጣ። ዱጋልድ ሰዓቱን አየ፤ አለቃው ሁለተኛ ደውለዋል።

«ብዙ አላቆማችሁም፤ እኔም ደክሞኛል» አለች። «መጀመሪያ፦ ሬኒ ከሞተ በኋላ አሸዋውን የደለደለ ሰው አለ። ሟች የራሱን ዳና አጥፍቶ መሬት ላይ አይተኛም።»

«ሙርዶ ነው ያልኩት ለዚህ ነው» አለ ዱጋልድ።

«ሙርዶ ሲደለድል እስከ ጠርዝ ይደለድላል፤ መደልደያውንም ውጭ ያስቀምጣል። ዛሬ ጠዋት በሠራቸው ጎድጓዳዎች ሁሉ እንደዚያ ነው። ይኸኛው ግን ከአስከሬኑ እስከ መውጫው ብቻ ነው የተደለደለው፤ መደልደያውም ውስጥ ተጥሏል። ይህ የሠራተኛ አሠራር አይደለም። ተጫውቶ የሚወጣ፣ የረገጠውን ብቻ የሚያስተካክል የክለብ አባል አሠራር ነው።»

«እኔም አባል ነኝ» አለች ወይዘሮ ጌዲስ፣ የተቆጣች መስላ።

«አንቺ ስልክ ላይ ነበርሽ።»

ሁሉም ሌይድሎን አዩት። እሱ ባሕሩ ወደሚሰማበት ዞረ። «ከአሥረኛው ተመልሻለሁ። ምን ማስረጃ አለሽ?»

«የለኝም» አለች ሴንጋ። እውነቷን ነበር። «እያንዳንዱ ምት አሸዋው ላይ ጠባሳ ይተው ነበር፤ መደልደያው ሁሉንም ጠርጎታል። ስለዚህ ለሟች ክብር ሲባል ጨዋታውን እንዲህ ብለን እንዝጋው፦ አርቺባልድ ሬኒ ድስቱ ውስጥ ገባ፤ ሦስት ጊዜ መታ፤ በሦስተኛው ኳሱ ወጣ። ለድስቱ ይህ ጥሩ አይደለም፣ ወይዘሮ ጌዲስ?»

«ሦስት? በጣም ጥሩ ነው እንጂ» አለች ጌዲስ፣ ነገሩ ሳይገባት።

«እንግዲያው ሦስት ይባልለት። ሊቀመንበር ሬኒ፣ በመጨረሻ ጨዋታቸው፣ በሦስት።»

ከጭጋጉ ወዲያ ማዕበሉ ተሰበረ። ሌይድሎ ከንፈሩን ነከሰ፤ ለቀቀው።

«አራት» አለ።

«ምን አሉ?»

«አራት ነው! ሁለተኛው ኳሱን ፈቅ ባያደርገውም ምት ነው፤ ዱላውን አውርዶ አሸዋውን መትቶታል፣ ይህ እኮ...»

ወይዘሮ ጌዲስ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ያንን ለማወቅ እዚህ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል» አለች ሴንጋ። «እዚህ ቆሞ ያየ ደግሞ ከአሥረኛው አልተመለሰም።»

ሌይድሎ ሣሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጉልበቱን እውነትም ያመዋል።

«ኳሱ ሲወጣ ‹ሦስት› አለኝ» አለ። «ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ቀጥሎ የሚመታበትን ዱላ እየመረጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ‹ሦስት›። አርባ ዓመት ‹እሺ አርቺ› ብያለሁ። ዛሬ እሺ የምትለዋን ቃል ፈለግኳት፤ አጣኋት።»

«ከዚያ በኋላ ደለደሉ።»

«እጄ ነው የደለደለው። ሳትደለድል አትሄድም፤ ከልጅነታችን የተማርነው ነው።» በረጅሙ ተነፈሰ። «እሱን የመታሁበት ዱላ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አልጠረግኩትም። መጥረግ ትዝም አላለኝ።»

ዱጋልድ ካቴናውን ከሙርዶ ፈትቶ ለሌይድሎ አሰረው። ወይዘሮ ጌዲስ ሙርዶ አጠገብ መጥታ «ሥራህ የትም አይሄድም፣ ሙርዶ» አለችው።

«እኔ እሄድ ይሆናል» አላት የእጁን አንጓ እያሸ።

ዱጋልድ እስረኛውን ይዞ ስለሄደ ሙርዶን ቤቱ የምታደርሰው ሴንጋ ሆነች። በፊተኛው ወንበር ተቀመጠ። መስታወቱ ላይ የሚንጠባጠበውን ጤዛ በዓይኑ ተከተለ።

«ዝም ቢል ኖሮስ?» አለ።

«ማን?»

«ዶክተሩ። ‹ሦስት› ስትይ ዝም ቢል፣ እኔ ምን እሆን ነበር?»

ሴንጋ ልትዋሽለት አሰበች፤ አቅም አጣች።

«እስካሁን ከተማ ነበሩ» አለችውና ሞተሩን አስነሣች።