እሱ ሲመጣ የሚድነው ኮምፒውተር

በታንታ ከተማ የሐጅ ሺሃታን ፎቶ ቤት የማያውቅ ሙሽራ የለም። ልጃቸውን ራድዋን ግን ብዙ ሰው አያውቃትም። ከኋላ ክፍል ተቀምጣ የተጨፈነ ዓይን የምትገልጠው፣ የተጣመመ ክራባት የምታቃናው፣ የአማትን ኩርፊያ በብሩሽ የምታለሰልሰው እሷ ናት። እጇ ወርቅ ነው። ኩራቷም ቢሆን ከእጇ አያንስም፤ ሰው ፊት «አልቻልኩም» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«ጉልበተኛ ኮምፒውተር ግዛልኝና የካይሮዎቹ የሚሠሩትን አልበም እዚሁ እሠራዋለሁ» ብላ አባቷን ስድስት ወር ጨቀጨቀቻቸው። ገዙላት። ሻጩ «ከዚህ የሚበልጥ በከተማው የለም» ብሎ ምሎላቸዋል፤ አልዋሸም።

ታዲያ ምን ያደርጋል! የፎቶ ማስተካከያውን ፕሮግራም ከፍታ አንድ ሰዓት እንደሠራች ማሽኑ መንቀራፈፍ ይጀምራል። ብሩሹን ወደ ቀኝ ስትጎትተው ቆይቶ፣ አስቦ፣ ተለምኖ ነው የሚከተላት። ከዚያ ድርግም! ፕሮግራሙ ይዘጋል፣ ያላስቀመጠችውን ሥራ ሁሉ ውሃ ይበላዋል።

«ስሚኝ» አሏት አባቷ አንድ ቀን። «የፋርማሲስቱ ልጅ የሰርግ አልበም እስከ ሐሙስ ካልደረሰ ማሽኑን እመልሰዋለሁ። ሥራው ወደ ካይሮ ይሄዳል። አንቺም ከፊት ተቀምጠሽ ስልክ ታነሻለሽ።»

«ይደርሳል፣ አባዬ» አለች። አንገቷን ግን አልደፋችም።

ኢንጂነር ናዲም የተጠራው ያኔ ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሲያስብ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል ወጣት ነው። ሲመጣ የራድዋ እናት ሐጃ ሰኒያ ከፎቶ ቤቱ ጋር የተያያዘውን ቤታቸውን አሰናድተው ጠበቁት። እንግዳ ሲመጣ እንደ ደንቡ የወንበሩ ጨርቅ፣ የቴሌቪዥኑ መሸፈኛ ሁሉ ይገፈፋል፤ እንግዳ ፊት ዕቃን ሸፍኖ ማስቀመጥ እንደ መሰሰት ይቆጠራላ። ደህናዎቹ ብርጭቆዎች ወጡ፤ ሻይና የሽምብራ ጣፋጭ ቀረበ።

ናዲም ቁጭ ብሎ ትልቁን ፎቶ ከፈተ። ፕሮግራሙ ከነፈ! ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም እንከን አላሳየም።

«ይቅርታ፣ ወይዘሪት ራድዋ፣ ምኑ ነው ያስቸገረዎት?» አላት።

ራድዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ቅድም… ቅድም እኮ ዘግቶብኝ ነበር!»

አላሾፈባትም። ቀና ብሎ አያትና «እርስዎ አይዋሹም፤ የሚዋሸው ማሽኑ ነው» አለ። ይቺ ቃል ልቧ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ለሰርግ ካርድ ብላ የጫነቻቸውን ሺህ የሚሆኑ የዓረብኛ ፊደል ዓይነቶች ቀነሰላት። ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ድርግም! በማግስቱ መጥቶ የሞላውን ዲስክ አጸዳላት። እሱ እያለ ማሽኑ እንደ ጨዋ ልጅ ታዘዘ፤ ሲሄድ አመሉ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ መጥቶ የስክሪን ካርዱን ፕሮግራም አደሰ፤ በስክሪኑም ጥግ የማሽኑን ሙቀት የሚያሳይ ቁጥር አስቀመጠላት። «በየሰዓቱ ጻፊው» አላት። «አንቺ» ማለቱን ሁለቱም ሰሙ።

እሱ ከበር ሳይርቅ የአባቷ እህት ኢንሳፍ ከፎቅ ወረዱ። እኚህ ሴት ነገር ካላገኙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«ኧረ ሺሃታ፣ ልብ በል! ይሄ ምን ዓይነት በሽታ ነው፣ ሐኪሙ ሲመጣ የሚድን ሲሄድ የሚብስበት? የታመመው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ልጅህ?»

ሐጅ ሺሃታ ልጃቸውን አዩዋት፤ አስተያየታቸው ከስድብ ይከብድ ነበር።

ራድዋ ተቃጠለች። ወንድ ለማየት ብላ የምትዋሽ! እሷ! ደግሞ ይበልጥ ያንገበገባት ነገር ነበር፦ ወደደችው። ያለ ሐሰት፣ ከልቧ ወደደችው። እውነቷ በሐሰት ጭቃ መለወሱን መቀበል አቃታት።

ወዲያው ደወለችለት። «ኢንጂነር፣ ካልጠራሁህ እንዳትመጣ።»

«አጠፋሁ?»

«አላጠፋህም። ግን እንዳትመጣ።»

«እሺ» አለ። ድምፁ ወርዶ ነበር። «የሙቀቱን ቁጥር ግን ጻፊልኝ።»

ረቡዕ ጧት ሃያ ገጽ ሲቀራት ማሽኑ እንደገና መጎተት ጀመረ። ከኩራቷ ጋር ትንሽ ተሟግታ ስልኩን አነሳች።

«ስንት ይላል?» አላት ናዲም።

«ዘጠና ስድስት።»

«ምን? እኔ እዚያ ሆኜ ከስልሳ አምስት አልፎ አያውቅም! ማሽኑ ያው፣ ፎቶው ያው፣ ፕሮግራሙ ያው። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«አንተ የለህም» አለች። ቃሉ ካመለጣት በኋላ ከንፈሯን ነከሰች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

የናዲም ትንፋሽ ይሰማታል። «እሱ… እሱ ማሽን አያሞቅም» አለ እየተንተባተበ። «እኔ ስመጣ ቤት ውስጥ ሌላ ምን ይለወጣል? ሁሉንም ንገሪኝ።»

«ምን ይለወጣል… እናቴ ብርጭቆ ታወጣለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ የወንበሩን ጨርቅ ትገፍፋለች፣ የቴሌቪዥኑን መሸፈኛ ታነሳለች፣ የኮም…»

ቃሉን አልጨረሰችውም። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች። ኮምፒውተሩ፣ በተገዛ ሰሞን እናቷ በኪሮሽ ሠርተው፣ አቧራ እንዳይገባ ብለው ከውስጥ ላስቲክ የሰፉበትን ሽፋን ደርቦ ተቀምጧል። ለማብሪያው ቁልፍ ብቻ ቀዳዳ አለው። እጇን አሳረፈችበት፤ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ያቃጥላል።

ገፈፈችው። አየር መሳቢያው እፎይ ሲል ሰማችው።

«ሰማንያ ስምንት» አለች በስልኩ። «ሰባ ዘጠኝ… ስልሳ ስድስት… ናዲም፣ ስልሳ ሁለት!»

ስልኩን የዘጋ የለም። በዚያኛው ጫፍ ቀስ ብሎ ሲስቅ ሰማችው፤ እሷም ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያቸው» አለ ናዲም። «ልባቸው ይሰበራል። መጥቼ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ያደስኩት ፕሮግራም ነው ያስቸገረው እላለሁ።»

«አትልም!» አለች ራድዋ። «ያላጠፋኸውን አትሸከምም። እናቴም እውነት የማትችል ሕፃን አይደለችም።»

እሱ ስልኩ ላይ እያለ እናቷን ጠርታ ነገረቻቸው። ሐጃ ሰኒያ ሽፋኑን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አጣጠፉት።

«አቧራ እንዳይነካብሽ ብዬ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።» ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

«አፈንኩት በይኛ!» አሉና ሳቃቸው መጣ። «ምነው ያ ምስኪን ልጅ ሦስቴ ሲመላለስ ሳላስበው ቀረሁ!»

አልበሙ ሐሙስ ቀትር ላይ ደረሰ። ፋርማሲስቱ ገጽ በገለጠ ቁጥር «ይሄ የካይሮ ሥራ ነው!» ሲል፣ ሐጅ ሺሃታ «የልጄ የራድዋ ሥራ ነው» ይሉ ነበር፤ ሦስት ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ከዚያ ሳምንት አለፈ፤ ማሽኑ አንዴም አልተበላሸም። ናዲምም «ካልጠራሁህ እንዳትመጣ» የተባለ ሰው ነውና አልመጣም፤ እሱም የራሱ ኩራት አለው። ራድዋ በየቀኑ የቁጥሩን ደህንነት እያየች ተናደደች። መጥሪያ ምክንያት የላትም። ምክንያት ልትፈጥር ትችል ነበር፤ ያን ግን ለአክስቷ ወሬ እጅ እንደ መስጠት ቆጠረችው።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ አባቷም እናቷም አክስቷም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ ስልኳን አንስታ ደወለች። ወደ ጓዳ አልገባችም።

«ራድዋ? ምነው፣ ደግሞ ዘጋ?»

«አልዘጋም። ስልሳ ሁለት ላይ ነው። ምንም የተበላሸ ነገር የለም።»

አክስት ኢንሳፍ ጣፋጩን ወደ አፋቸው እየወሰዱ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«እና… ለምን ደወልሽ?»

«ና ልልህ። እናትህንም ይዘህ ና።» አለች። «አባቴ ዓርብ ከሶላት በኋላ ቤት ነው።»

 ራድዋ ወደ አባቷ ዞረች፤ ዓይኗን አልሰበረችም። ሐጅ ሺሃታ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፣ እህታቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ፂማቸውን ዳሰስ አደረጉ።

«ዘጠኝ ሰዓት በይው» አሉ። «እንዳያረፍዱም ንገሪው።»