ወረቀት ያለበስነው በር

በእኛ ቤት መማል ነውር ነው። ስለዚህ አልምልላችሁም።

ግን ይኼ ነገር ሆኗል። በእኔ በገነቴ ላይ ሆኗል።

ቦታው ሆሳዕና፣ የገዛ ቤቴ ውስጥ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሌሊት አይደለም፣ ሕልምም አይደለም... ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድባችሁ ይቅርታ፤ ጣቴም ለዚህ ስልክ ወፍራም ነው።

ደግሞ የምጽፈው ለእናንተ ብቻ አይደለም። የልጅ ልጄ ሐዳሳ ይህን የአስፈሪ ታሪክ ቻናል ሳታነብ አትተኛም። "አንቺ ልጅ፣ ይህን አንብበሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?" እያልኩ ስቆጣት ነበር።

ሐዲ... ይህን ካየሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከዚያ ያንን ቤት ለቀሽ ውጪ።

ለሌሎቻችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሐዳሳ የምትማረው ዱራሜ፣ ኮሌጅ ነው። አባቷ ሱራፌል፣ የእኔ ልጅ፣ ሀደሮ ይሠራል። ክረምት ሲሆን ግን እሷ ወደ እኔ ነው የምትመጣው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት።

ዘንድሮ እንደመጣች ወገቧን ይዛ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው።

"አያዬ፣ ይኼ ቤት ታፍኗል።"

"በምን?"

"በዕቃ!"

እውነቷን ነው። ወደ ጌታ የሄደው ባለቤቴ አሳምነው መምህር ነበር። የጓሮ በኩሉን ክፍል በመጻሕፍት ሞልቶት ነው የሄደው። እኔ ደግሞ በላዩ ላይ የተቀደደ ጀሪካን፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ክዳን የሌለው ድስት... አንድ ቀን ይጠቅማል እያልኩ ስከምርበት ኖርኩ።

ቆራሌው ተጠራ። ዕቃዬን ጆንያ ውስጥ ሲከት እኔ ከኋላ ከኋላው እሮጣለሁ።

"ያንን ድስት ተወው!"

ሐዳሳ በሳቅ ፈረሰች። "አያዬ፣ ክዳኑ የጠፋው እኮ እኔ ሳልወለድ ነው!"

"ቢገኝስ?"

ምስጥ የበላቸውን መጻሕፍት ግን አልሸጠቻቸውም። ስልኳ ላይ ያየችው ሙያ ነበራት። ገጾቹን እየቆረጠች አበባ ሠራች። ወፍ አጣጠፈችና በክር ከኮርኒሱ አንጠለጠለች። ከአሮጌ ካርታ የአምፖል መሸፈኛ አወጣች። ከቲማቲም ሳጥን መደርደሪያ ሠርታ ደህና ደህናዎቹን መጻሕፍት እንደ ቀለማቸው ደረደረች። ከጎናቸው የአሳምነውን መነጽር አጽድታ አስቀመጠች።

አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

የቀረን ግድግዳው ነበር።

እኛ ድሮ የጭቃ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ እንለጥፍ ነበር፤ ነፋስ እንዳያስገባ፣ አፈሩም እንዳይረግፍ። እሷ "በመጽሐፍ ገጽ እናልብሰው" አለችኝ። ዱቄት በውሃ አማስዬ ሙጫ ሠራሁላት። ከጠዋት ጀምረን ለጠፍን።

በመጨረሻ ወደ በሩ ዞረች።

"በሩ ደግሞ ምን አደረገሽ?" አልኳት።

"ከግድግዳው ጋር አንድ እንዲሆን ነው፣ አያዬ። ያምራል!"

"እሺ፣ ዝጊው ብቻ። ብርድ ይገባል።"

ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው እሷ ታውቃለች።

ዘጋችው። ሳንቃውን አለበሰችው። መገጣጠሚያውን ሳይቀር ሸፈነችው። "ስንወጣ ዙሪያውን በምላጭ እሰነጥቀዋለሁ" አለች።

ዞር ብዬ ክፍሉን ሳየው በእውነት የሚያምር ክፍል ነበር። ሙቀት ያለው። አራቱም ጎን ወረቀት።

ያኔ ነው ያቺን ቦታ ያየኋት።

የለጠፍነው ሁሉ ደርቋል። በእንሰቱ ጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ግን ፊት የሚያክል ቦታ እርጥብ ነው...

ወረቀቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ደግሞ ይገባል።

ነፋስ ነው አልኩ በልቤ። መስኮቱ ግን ዝግ ነው።

ቀና አልኩ። ወፎቹ በክራቸው ላይ ቀስ ብለው ዞሩ... ቆሙ። የሁሉም አፍ ወደዚያ ግድግዳ ነው።

"ሐዲ... ወፎቹን ያዞርሻቸው አንቺ ነሽ?"

"አይ።"

ኳ... ኳ... ኳ...

"ቤቶች!"

እጄ ሙጫ ነው፤ ልቤ ወፎቹ ላይ ነው። አፌ ግን የለመደውን አለ።

"ግቡ! ግቡ! ቤት ለእንግዳ!"

ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እኛ ዘንድ ማን ይጠይቃል? እንግዳ መጀመሪያ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው ማንነቱ የሚጠየቀው። እኔ እንደዚያ ነው ያደግሁት። ሐዳሳንም እንደዚያው ነው ያሳደግኳት።

ሐዳሳ ግን ደርቃ ቀረች።

"አያዬ..." በሹክሹክታ ነው።

"ምነው?"

"በበሩ በኩል አይደለም የጠሩት።"

በጣቷ አሳየችኝ። እርጥቡን ግድግዳ።

ከዚያ ግድግዳ ጀርባ እንሰት ብቻ ነው ያለው። መንገድ የለም። በር የለም። አንድ ሰው ልቁም ቢል እንኳ ቅጠሉ አያስቆመውም።

"እንውጣ" አልኳት። "ቶሎ በይ።"

ምላጩን አንስታ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ሰነጠቀችው። ጣቷን አስገብታ ገለጠችው።

ሳንቃ የለም።

ጭቃ ነው። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ጭዱ ገና ሽታ ያለው ጭቃ... ዛሬ የተመረገ።

"እዚህ ጋ ነበር!" ወደ ግራ ሰነጠቀች። ጭቃ። ወደ ቀኝ። ጭቃ። "አያዬ፣ አሁን እዚህ ጋ ነበር እኮ!"

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። መዝጊያውን ከፈትኩት። ዝናቡን ልይ ብዬ ነበር...

ከመዝጊያው ጀርባ የመጽሐፍ ገጽ ተለጥፏል።

"እኔ እዚያ አልለጠፍኩም" አለች ሐዳሳ።

ቀደድኩት። ሌላ ገጽ። እሱንም ቀደድኩት። ሌላ ገጽ። ጥፍሬ እስኪደማ ቀደድኩ... አላለቀም።

ያኔ ከውጭ የሰው ድምፅ ሰማን። ጎረቤቴ ብርነሽ ናት፤ ድምፅዋን ከሺህ ሰው እለየዋለሁ።

"ገነቴ! አንቺ ገነቴ! ልብስሽ በዝናብ በሰበሰ እኮ! የት ነው ያላችሁት?"

"ብርነሽ!" ጮህን። ግድግዳውን በቡጢ ደበደብን። "እዚህ ነን! ብርነሽ!"

ዝም አለች። ሰማችን ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ከዚያ ከሳሎኑ በኩል አንድ ሰው መለሰላት።

"አለሁ ብርነሽዬ... አሞኝ ተኝቼ ነው። ነገ ነይ።"

የእኔ ድምፅ ነው። የእኔ ጉሮሮ። መጨረሻ ላይ የምስላት ትንሿ ሳል ሳትቀር።

"ውይ! ጌታ ይማርሽ!" አለች ብርነሽ። የቦቲ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ጧ ጧ እያለ ራቀ።

ሐዳሳ ክንዴን ጨመቀችኝ። "አያዬ... አንቺ ነሽ የተናገርሽው?"

"አፌን አላየሽውም?"

"አይቼዋለሁ... አልተንቀሳቀሰም።"

ያኔ ገባኝ። ግቡ ብያለሁ። ገብቷል።

ቤቱ ውስጥ ያለው እሱ ነው። እኛ ያለነው እሱ የነበረበት ቦታ ነው።

ክፍሉ መጥበብ ጀመረ። ሲጠብ አይታይም። ግን መደርደሪያው ወደ እኛ ቀርቧል። እጄን ብዘረጋ ሁለቱም መዳፎቼ ወረቀት ነኩ። ትንሽ ቆይቶ ክርኔ ነካ። ሐዳሳ ትንፋሽ አጠራት፤ ልጅ እያለች አስም ነበረባት። አንገቷ ላይ ያለው ደም ስር ሲመታ አያለሁ።

የሰጋሁት ለራሴ አይደለም። እኔ ዕድሜዬን ጠግቤአለሁ። ግን ይህቺ ልጅ...

ጸለይኩ። እየጸለይኩ አንድ ነገር ታሰበኝ። ድምፄን ከወሰደ፣ ድምፄ የለመደውንም አብሮ ወስዶ ይሆናል።

በሩ በነበረበት ቦታ ቆምኩ። ጭቃውን እንደ እንግዳ በቀስታ አንኳኳሁ።

"ቤቶች!"

ጆሮዬን ጭቃው ላይ አስደገፍኩ።

ከወዲያ በኩል የገዛ ድምፄ ተስገብግቦ ወጣ።

"ግቡ! ግቡ! ቤት ለእንግዳ!"

ጭቃው ሲጢጥ አለ። ወረቀቱ ተቀዶ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ገባ። ሳንቃው ነው! በሩ ነው!

"ሂጂ!" ጀርባዋን በሁለት እጄ ገፋኋት። ተንገዳግዳ ወጣች። አንድ እግሬን አነሳሁ...

ሳሎኑ ውስጥ አንዲት ሴት ቆማለች። ነጠላዬን ለብሳለች። ፊቷ ወደ ሐዳሳ ነው፤ እኔ የማየው ጉንጯን ብቻ ነው።

"አያዬ?!" አለች ሐዳሳ። "እንዴት ቀደምሽኝ?"

"እኔማ ልጄን ትቼ የት እሄዳለሁ?" ትከሻዋን አቀፈቻት። "ዝጊው በሩን። ብርድ ይገባል።"

"ሐዲ!" ብዬ ጮህኩ።

ሐዳሳ ወደ ኋላዋ ሳታይ፣ በእጇ ብቻ፣ ሁልጊዜ እንደምትታዘዘኝ...

ዘጋችው።

ለእነሱ በሩ አሁንም በር ነው። ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ለእኔ ጭቃ ነው፤ ክፍሉ ለእነሱ ቀርቷል፣ እኔ ግድግዳው ውስጥ ነኝ።

ደጋግሜ "ቤቶች!" ብያለሁ። ያቺ ሴት ተምራለች፤ አትመልስም።

ሐዳሳ ስልኳን መደርደሪያው ላይ ትታው ነበር። መደርደሪያው በእኔ በኩል ቀርቷል፣ ስልኩም ከእኔ ጋር ነው። ለሷ እንዳልደውል በእጄ የያዝኩት የራሷ ስልክ ነው። ለሱራፌል ደወልኩ፤ ሲያነሳው የሚሰማው ዝናብ ብቻ ነው። ጻፍኩለት። "ልጄ፣ እናትህ ነኝ፣ ግድግዳ ውስጥ ነኝ" አልኩት። ምን ብሎ መለሰልኝ?

"አንተ ሌባ! የልጄን ስልክ ባትመልስ ፖሊስ ያገኝሃል! ደግሞ በእናቴ ትቀልዳለህ?"

ከዚያ ዘጋኝ። አልፈርድበትም። ሌባ ቢሆን ኖሮ እኔም ደስ ባለኝ።

የቀረኝ ይህ ቻናል ነው፤ ሐዲ በሰው ስልክም ቢሆን ታነበዋለች። ባትሪው ቀይ ከሆነ ሰነበተ፤ አያልቅም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሙጫው በለቀቀበት አንዲት ቀዳዳ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ሐዳሳ ወደዚህ ክፍል ለመግባት ትፈራ ነበር። ያቺ ሴት እጇን ይዛ አስገባቻት። "በሩ ተጣብቆብን ደነገጥን እንጂ ምንም አልነበረም። ለሰው እንዳትናገሪ፣ አበዱ ይሉናል" ስትላት ሰምቻለሁ። ታበላታለች። ፀጉሯን ትሠራታለች። ክፉ አላየሁባትም... የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ሐዲ፣ አንድ ነገር አስተውዪ። ሰው ሲመጣ ያቺ ሴት በሩን ትከፍታለች? ባለፈው ብርነሽ ጎመን ይዛ መጥታ በር ላይ ቆማ ተመለሰች። "አያትሽን ምን ነካት? እንግዳ ጠላች እኮ" ስትልሽ "አርጅታ ነው" አልሻት። እኔ ነኝ እንግዳ የምጠላው? እኔ?

ወደ አባትሽ ሂጂ። ልብስሽን እንኳ አትያዢ። የሀደሮ መኪና ስትሳፈሪ ማንም ከጎንሽ እንዳይኖር።

ሌላም አለ። ከግድግዳው ውስጥ ድምፄን ብትሰሚ "ግቡ" እንዳትዪ። "ልጄ ደከመኝ፣ አስወጪኝ" ብልሽም እንዳትዪ። እኔው ራሴ ብሆንም።

ብቻዬን አይደለሁም።

ከጀርባዬ ያለው ወረቀት ትናንት ተላቀቀ። ከኋላው ግድግዳ አለ ብዬ ነበር... የለም። ጠባብ መተላለፊያ ነው። ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። የመጨረሻቸው አይታየኝም። ጭቃ ይዘው እንዳይገቡ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። አይገፋፉም። አያወሩም። በትሕትና አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ።

ይህን እየጻፍኩ ሐዳሳ ብቻዋን ገባች። ካርታ ባለበሰችው አምፖል ስር ተቀምጣ ወረቀት እየቆረጠች ዝማሬ ታንጎራጉራለች። በጣም ቅርብ ናት፤ የፀጉሯ ቅባት ይሸተኛል። እንዳልጠራት አፌን በእጄ ይዣለሁ።

ከጆሮዬ አጠገብ አንድ ክንድ አለፈ። እጅጌው እርጥብ ነው። በጣም ቀስ ብሎ፣ በጣም በጨዋ ደንብ፣ ወረቀቱን አንኳኳ።

ሐዳሳ መቀሷን አስቀመጠች።

ያስለመድኳትን ልትል ፈገግ ብላ ቀና አለች።