የአባባ ካሲዮ

ሄይላም ቁልፎቹን ለሦስተኛ ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገች። ካልኩሌተሩም ለሦስተኛ ጊዜ «ስህተት» አላት። የፈተናው ጥያቄ ከባድ አልነበረም፤ የአንድ ሕንፃ ቁመት ከጥላው ርዝመትና ከማዕዘኑ ተነሥቶ ማግኘት ነው። ዘዴውን አሳምራ ታውቀዋለች። እምቢ ያሏት ጣቶቿ ናቸው።

አዲሱ ካልኩሌተር እጇ ከገባ ሳምንትም አልሞላው። እሱ «ታን» የሚለው ቁልፍ እንዲቀድም፣ ቁጥሩ እንዲከተል ይፈልጋል። በአሮጌው ግን ቁጥሩ ይቀድማል። ሁለቱም የካሲዮ ፋብሪካ ሥራ፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ታላቅየው ግን አባቷ በተማሪነቱ የተፈተነበት ነው። ሄይላምም ሒሳብ የለመደችው በእሱ ነበር። ሰዓቱ ሲሮጥ ጣቶቿ ወደለመዱት ይሄዳሉ።

ታዲያ አሮጌውን ምን አስጣላት? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የጓደኛዋ የዩትቺንግ ምላስ ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንሥታው፣ «ይቺ ደግሞ ከየት ሙዚየም አመለጠች?» ብትል ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሄይላም አብራ ሳቀች። ቤት ስትገባ ግን፣ «አባባ፣ ካልኩሌተሩ ሞቷል፤ አልበራም አለኝ» አለችው።

አባቷ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ዕቃ መጣል አይሆንለትም። «እስቲ ስጪኝ፣ ልየው» ብሎ ወሰደው። በማግስቱ አዲሱን ገዝቶላት መጣ፤ ስለ አሮጌው ዳግመኛ አላነሣም። እሷም አልጠየቀችም፤ ለዩትቺንግም «ሞታለች» ብላ አለፈችው።

አሁን ፈተናው ላይ ላብ በላብ ሆነች። መቅረጫ ፍለጋ የእርሳስ ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ስትከት፣ ከታች የምታውቀው ነገር ነካት። አሮጌው ካልኩሌተር ነበር። ማብሪያውን ስትጫነው ዜሮዋ ቁልጭ ብላ ወጣች። በቁልፎቹ መሃል የነበረው የብስኩት ፍርፋሪ እንኳ ተጠርጎ ወጥቷል።

አባባ ካልኩሌተሩ እንዳልሞተ ደርሶበታል ማለት ነው። ደርሶበትም ቃል ሳይተነፍስ፣ ለክፉ ቀን ብሎ ቦርሳዋ ውስጥ ከቶላታል። የሄይላም ፊት በእፍረት ጋለ። ቢሆንም ደስ አላት፤ ደረቷ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደላት።

ፈታኟ መምህርት ፎክ አጠገቧ ቆሙ። ካልኩሌተሩን አንሥተው ገለባበጡትና፣ «እኔም በዚህ ዓይነት ነበር የተፈተንኩት» ብለው በሹክሹክታ መለሱላት። ከኋላ አንድ ተማሪ ሳቀ። ሄይላም ዞር አላለችም። ቁጥሩን አስገባች፣ «ታን»ን ተጫነች፣ አባዛች። ሕንፃው ቁመቱን ሰጣት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እየቀለላት ሄደ።

ከፈተናው በኋላ ሚኒባስ ለመያዝ ሲሰለፉ ዩትቺንግ ጎሸም አደረገቻት።

«ስሚ፣ ያቺ የሙዚየም ዕቃ ሞታለች አላልሽም?»

«አልሞተችም። ዋሽቼ ነው።»

«ማንን? እኔን ወይስ አባትሽን?»

«ሁለታችሁንም።»

ዩትቺንግ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። «በእኔ ቀልድ የተነሣ እንዳይሆን ብቻ።»

«ቀልድሽማ ያስቃል» አለች ሄይላም። «እኔ ነኝ የፈራሁት።»

በአባቷ መስመር የሚሠራ አረንጓዴ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ባዶ ወንበር ነበረው፤ ሹፌሩ ግን አባቷ አይደለም።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?»

«አንቺ ሂጂ። እኔ የአባባን እጠብቃለሁ።»

ከኋላዋ ለቆሙት ሴትዮ መንገድ ለቀቀች። ከዚያም አሮጌውን ካልኩሌተር ከቦርሳዋ አውጥታ፣ አባባ ሲመጣ እንዲያየው በእጇ ያዘች።