የታጠበ ሙጫ

ባለመድኃኒት ቤቱ ወልደተንሣኤ ከባንኮኒው ኋላ እንደወደቀ ነበር። አጠገቡ «የጨጓራ መድኃኒት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ ቆሟል፤ ለጨጓራው ብሎ ጠጥቶታል፤ ውስጡ ያለው ግን ለእብድ ውሻ የሚሰጥ መርዝ ነው። ከደብረ ብርሃን ፖሊስ ጣቢያ የተጠራው ሻምበል ኪዳነ ማርያም ሬሳውን አይቶ ቀና ሲል፣ የሟች ታላቅ ወንድም ገብረአብ ጥፋተኛ አዘጋጅቶ ጠበቀው።

«ወረቀት የምትለጥፈው እሷ ናት» አለ፣ ወደ ሠራተኛዋ ወደ ጠይባ እየጠቆመ። «መርዙን ከመድኃኒቱ አምታታችው። ይህ ምን ይመረመራል?»

ጠይባ የአልዩ አምባ ልጅ ናት። እጇ ታስሯል፤ ዛሬውኑ ወህኒ ልትወርድ ነው። «ወላሂ ጌታዬ፣ ይህን እኔ አልለጠፍኩትም» አለች። «መርዙን የሚቆልፉት ሟቹ ጋሼ ራሳቸው ነበሩ።»

«ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም» አለች የሟች ሚስት ደመቀች፣ ጨቅላዋን ታቅፋ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «እኔም፣ እሷም፣ ጋሽ ገብረአብም። እርሳቸውና ባለቤቴ ሰሞኑን በአንኮበሩ ርስት ይሸጣል አይሸጥም ሲባባሉ ነው የከረሙት።»

«የወንድማማች ወግ ነው» አለ ገብረአብ።

ሻምበሉ ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አንሥቶ ወረቀቱን በጥፍሩ ፋቀው። ተቀዳደደ እንጂ አልለቀቀም። ሌላም ሞከረ፤ ያው ነው። የመርዙ ወረቀት ግን ጠርዙን ሲነካው እንዳለ ተነሥቶ መጣለት። ከሥሩ ሙጫው በመስታወቱ ላይ ወደ ታች ወርዶ ደርቋል። ነገሩ አልዋጥለት አለ።

ከሣጥኑ ውስጥ ጀርባው ደረቅ ሙጫ የተቀባ አዲስ ወረቀት አወጣ። ሊልሰው ወደ ከንፈሩ አስጠጋና ተወው። ሁዳዴ ነው፤ እሱም ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ወረቀቱን እንደያዘ ወደ ወረደው ሙጫ መለስ ብሎ አየ።

የጠይባን እጅ አስፈትቶ ሦስቱንም ባንኮኒው ዙሪያ አቆማቸው። ለእያንዳንዳቸው ባዶ ጠርሙስና ወረቀት ሰጠ። «እስቲ ለጥፉ።»

ጠይባ በምላሷ አርሳ ለጠፈች። ደመቀችም እንዲሁ፤ ስለምታጠባ አትጾምም። ገብረአብ ባንኮኒው ላይ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ ሳበና ወረቀቱን ነከረው።

«ይህ ሙጫ የሚፈልገው ትንሽ እርጥበት ነው» አለ ሻምበሉ። «ምራቅ ያለሰልሰዋል፤ ሲደርቅ መስታወቱን ነክሶ ይይዛል። ውሃ ከበዛበት ግን ታጥቦ ይወርዳል፤ የሚይዝ ነገር አይቀርም። ጠይባ የለጠፈችው ሁሉ ይቀደዳል እንጂ አይነሣም። የመርዙ ግን በጣት ተነሣ፤ ሙጫውም እንዲህ ወርዶ ነበር።» የገብረአብን ጠርሙስ ከፍ አደረገ። ወረቀቱ ተንሸራቷል፤ ሙጫው ይንጠባጠባል። «አቶ ገብረአብ፣ ለምን አልላሱትም?»

«ጾም ነዋ» አለ ገብረአብ ሳያስበው። «ዘጠኝ ሰዓት መቼ ሞላ?»

«ያኛውንም ሲለጥፉ አልሞላም ነበር ማለት ነው።»

 ደመቀች ልጇን ለጠይባ አቀበለቻትና ገብረአብ ፊት ቆመች። አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው «አንተ» አለችው። «አንድ ጡት ጠብቶ አብሮህ ያደገውን ወንድምህን ገደልክ። ምላስህን ሙጫ እንዳይነካው ግን ተጠነቀቅህ?»

ገብረአብ የውሃውን ብርጭቆ ከፊቱ ገፋው።

«እሱ ርስቴን ሊሸጥብኝ ነበር» አለ። «ጾሙ ግን ምን አደረገኝና እገድፈዋለሁ?»