የእሜቴ ወንበር

ድመቷ ምግብ ካቆመች ወዲህ መምህርቷም በወጉ በልታ አታውቅም። ሳህኑን መሬት ላይ ታስቀምጣለች፣ ጎንበስ ብላ ትለማመጣለች፣ ሳህኑን እንዳለ መልሳ ታነሣለች። ከዚያ የተማሪዎቿን ደብተር ለማረም ትቀመጥና አንዱን ሁለቴ አርማ ሌላውን ትዘለዋለች። ድካም አንዴ ሰው ላይ ከሰፈረ እንደ ክፉ ተከራይ ነው፤ ኪራይም አይከፍል፣ ልቀቅ ሲሉትም አይለቅ።

ድመቷ ድሮ የመምህርቷ እናት ድመት ነበረች። «እሜቴ» ብለው ስም ያወጡላትም እናትየው ናቸው፤ አቀማመጧን አይተው። አሮጌው ባለመደገፊያ ወንበራቸው ላይ ወጥታ፣ እጆቿን ደረቷ ሥር አጥፋ፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ትገመግመው ነበር። እናትየው ሲያርፉ ወንበሩም ድመቷም ለትንሿ ልጃቸው ለመምህርቷ ቀሩ። ትልቋ ልጅ ሩቅ አገር ናት።

ባለሶፋው ወደዚህ ቤት የመጣው በእሜቴ ጥፍር ምክንያት ነው። ምድር ቤት ሶፋ የሚያለብስበት ሱቅ አለው። አንድ ቀን ፀጉሩ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ እንደተጣበቀ፣ ድመቷን ብብቱ ሥር ይዞ በሯን አንኳኳ።

«ይቅርታ ቲቸር፤ እኚህ እመቤት የእርስዎ ናቸው?»

«ወይኔ! ምን አጠፋች?»

«ኧረ ምንም። ዛሬ የማስረክበውን ሶፋ ሲመረምሩ ነበር። ጨርቁ አልተስማማቸውም መሰለኝ።»

መምህርቷ ሳቀች። ከእናቷ ቀብር ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ሳቁ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። እሱ አየና ዓይኑን ወደ በሩ ጉበን አሸሸ፤ ጉበኑ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ እሜቴ በወጥ ቤቱ መስኮት ወጥታ፣ በአጥሩ ጫፍ ተራምዳ ሱቁ ትወርዳለች፤ ሥራ ሲያበቃ እሱ አቅፎ ያመጣታል። መንገዱን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ አጃቢ አያስፈልጋትም ነበር። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። ማጀቡ ግን አልቀረም።

እንግዲህ ነገር በዚህ ለዛ እየሄደ ሳለ ነው እሜቴ የታመመችው።

የእንስሳት ሐኪሟ ወፈር ያለች፣ የማትቸኩል ሴት ናት። ሆዷን ዳበሰቻት፣ በአልትራሳውንድ አየቻት፣ ከዚያም ጓንቷን አወለቀች።

«እብጠት አለ። ምንነቱን ለማወቅ በማደንዘዣ አስተኝተን ናሙና መውሰድ አለብን። ናሙናው ትልቅ ላቦራቶሪ ይላካል። ዋጋውን ልነግርሽ ነው፤ ቁጭ በይ።»

መምህርቷ ቁጭ ብላ ነበር። ዋጋውን ስትሰማ ተነሣች።

ማታ ለእህቷ ደወለች።

«አስደርጊው!» አለች እህትየዋ ገና ሳትጨርስላት። «ገንዘቡን ነገ እልካለሁ። የእማዬ ድመት ናት እኮ! ለእማዬስ ሁሉንም አድርገን የለም?»

አድርገናል። እህቷ ገንዘብ ልካለች፤ እሷ ደግሞ እናቷን ይዛ ዞራለች። ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው፣ ከአንዱ መርፌ ወደ ሌላው። በመጨረሻው ሰሞን እናቷ እጇን ይዘው «ልጄ፣ በቃኝ፤ ቤቴ ውሰጂኝ» ብለዋት ነበር። እሷም «ይቺን አንዲት ምርመራ ብቻ፣ እማዬ» አለቻቸው። የዚያች ምርመራ ውጤት የመጣው ለቅሶ ተቀምጣ ሳለች ነው። እነሆ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ያን ቃሏን ይዛ ትተኛለች፣ ያንኑ ይዛ ትነሣለች።

በማግስቱ ባለሶፋው ደረጃው ላይ ጠበቃት። ወሬው ደርሶታል። መቼም በዚያ ግቢ ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው ደረጃ የሚወጣው።

«ቲቸር፣ ቅር ካላለዎት፤ የአንድ ትልቅ ሶፋ ቀብድ ተቀብያለሁ። ይውሰዱትና ለምርመራው—»

«ገንዘብ የሚሰጠኝ ሰው አላጣሁም!» አለችና በሩን ዘጋችበት።

እሱ ከውጭ ቆመ፤ እሷም ከውስጥ፣ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ። ቆይቶ ቀስ እያለ ሲወርድ ሰማችው። ከፍታ ልትጠራው ትችል ነበር፤ አቅም አጣች።

ሐኪሟን «እሺ» ያለቻትም አምናበት አይደለም። ለደከመው ሰው እሺ ማለት ከእምቢ ማለት ይቀለዋል።

«ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» አለቻት ሐኪሟ። «ሆዷ ባዶ ካልሆነ ማደንዘዣ አልሰጣትም።»

መምህርቷ በሆዷ «ደግሞ ትበላ ይመስል» አለች። በሌላ ጊዜ ቢሆን ወርዳ ለባለሶፋው «አደራ፣ ምንም እንዳትሰጣት» ትለው ነበር። ግን በር የዘጉበትን ሰው በምን ዓይን አይተው አደራ ይሉታል?

ጠዋት ካርቶኑን አሰናድታ፣ ፎጣ አንጥፋበት፣ ዞር ስትል ወንበሩ ባዶ ነው። ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። መስኮቱ ገርበብ ብሏል።

በሩን ከፍታ ወጣች። ከታች የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ የሚመጣ ሰው።

«በላች! ቲቸር፣ በላችልሽ!»

ባለሶፋው ነው። እስከ ዛሬ አንቱ ይላት እንደነበርም፣ ድመቷን ራሷን አንቱ ይላት እንደነበርም ረስቶታል። እሜቴ እቅፉ ውስጥ ሆና ከንፈሯን ትልሳለች።

«ዶሮ ቀቅዬላት ነበር፤ በእጄ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግኩ... መጀመሪያ አሸተተችው፣ ከዚያ—»

«ምን አደረግክ! እንዳትበላ ተብሎ ነበር እኮ! ምርመራው ዛሬ ነው!»

ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ተኖ ጠፋ። «አላወቅኩም» አለ። «እኔ መብላቷን ብቻ ነው ያየሁት።»

ልትጮህበት አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ለቅሶ ነው። ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ተንሰቀሰቀች። እሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ድመቷን መሃላቸው አኖራት። ስልኩ ጮኸ፤ ሶፋ የሚጠብቅ ደንበኛ መሆን አለበት። ሳያየው አጠፋው። አይዞሽም አላላት፣ አታልቅሺም አላላት። ቁጭ አለ።

«ደስ ብሎኛል» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«መብላቷ?»

«መብላቷም። ምርመራው መቅረቱም። አየህ ክፋቴን? ያበላሃት ጊዜ ተገላገልኩ ነው ያልኩት።» እናቷ «ቤቴ ውሰጂኝ» እንዳሉና እሷ ምን ብላ እንደመለሰች ነገረችው። ለማንም፣ ለእህቷም ነግራ አታውቅም ነበር።

እሜቴ መሃላቸው ፊቷን ትታጠባለች።

«ባለፈው ገንዘብ ያልኩሽ» አለ ባለሶፋው ወለሉን እያየ፣ «የምለውን ሳጣ ነው። ይዤ የወጣሁት ሌላ ነበር።»

«ምን?»

«አብሬሽ ልሂድ።»

አየችው። «እሱን ብትለኝ ኖሮ በር አልዘጋብህም» አለች።

አብረው ሄዱ። ሐኪሟ ዶሮውን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲህ ለነገ ነው።»

«ነገ ከመምጣቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች መምህርቷ። «ውጤቱ ክፉ ቢሆን ምን ታደርጊላታለሽ?»

«ቀዶ ጥገና። በዚህ ዕድሜዋ ግን አልመክርም።»

«ደህና ቢሆንስ?»

ሐኪሟ እንደገና የድመቷን ሆድ ዳበሰች። «እጄ እብጠቱ ደህና ነው አይለኝም። ግን እጅ ይሳሳታል። ቁርጡን አውቀው ማረፍ የሚፈልጉ አሉ፤ እነሱም ልክ ናቸው።»

«ባላስመረምራትስ?»

«ሕመሙንና ማቅለሽለሹን የሚያስታግስላት መድኃኒት እሰጥሻለሁ። የወደደችውን ትብላ፣ ከወደደችው ጋር ትዋል።»

መምህርቷ ወደ ባለሶፋው ዞረች። ወስንልኝ የሚል ዓይን ነበር።

«የቱንም በይ» አላት። «እኔ አለሁ።»

እሜቴን ከጠረጴዛው አነሣቻት። ላባ የያዘች መሰላት።

«ቤቷ እወስዳታለሁ» አለች። ዓመት የዘገየ መልስ ነበር፤ ለማን እንደመለሰችም ታውቃለች።

ለእህቷ ደውላ ነገረቻት። ትቆጣለች ብላ ስትጠብቅ እህትየዋ አለቀሰች። «እኔ እኮ» አለች፣ «ከመላክ ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ ነው።» ሁለቱ እህትማማቾች ስለ እናታቸው አብረው ያለቀሱት ያኔ ነው።

እሜቴ ከተገመተው በላይ ቆየች። ሱቁ መውረድ ሲያቅታት ሱቁ ወደ እሷ ወጣ፤ ባለሶፋው የሚሰፋውን ጨርቅ ይዞ እየመጣ ከወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ መምህርቷ ደብተሯን ታርማለች። አንዳንድ ቀን ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው ያመሻሉ። ደክሟቸዋል፤ ድካማቸው ግን አብሮ ለመቀመጥ አያስቸግርም ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እሜቴ በዚያው ወንበር ላይ፣ እጆቿን ደረቷ ሥር እንዳጠፈች አረፈች። ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ቀበሯት።

ከዚያ በኋላ መምህርቷ ወንበሩን ማየት አቃታት፤ መጣልም አልቻለችም።

«ስፖንጁ ሞቷል» አለ ባለሶፋው። «ልውሰድና ላድሰው።»

«በጥፍሯ የቧጠጠችውን የክንድ መደገፊያ እንዳትነካው።»

«አልነካውም።»

ወሰደው። ሳምንት አለፈ። ልታይ ስትወርድ አንሶላ ይጥልበታል።

«አልደረሰም።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ነገ።»

«የሶፋ ሠሪ ነገ ነው ወይስ የሰው ነገ?»

ሳቀና አንሶላውን አስተካከለ።

አንድ አመሻሽ ከጎረቤት ጋር ተሸክመው አመጡት። በሩ ላይ ሲደርሱ አልገባ አለ፤ በጎን አዙረው፣ ገፍተው፣ አላባቸው። ጎረቤትየው የሰጠችውን ውኃ ጠጥቶ ወጣ። መምህርቷ ቆማ ቀረች። የግራው መደገፊያ ያው ነው፤ የእሜቴ ጥፍር ያሾለከው ክር ሁሉ አልተነካም። የቀኙም መደገፊያ ያው የእናቷ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግን አዲስ ነው፤ ሰፍቷል፣ ሁለት ሰው ያስቀምጣል።

«ወንበሬን ምን አደረግከው?»

ባለሶፋው ላቡን ጠረገ።

«ጠቦ ነበር» አለ።

በቧጠጠችው መደገፊያ በኩል ተቀመጠች። የተተለተለውን ጨርቅ በመዳፏ ዳበሰችው። ጎኗ ያለውን ቦታ አየች፣ ከዚያ እሱን።

«ታዲያ ምን ያስቆምሃል?»

ተቀመጠ። ራሷን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ ከዓመት በላይ የተጠራቀመ እንቅልፍ ነበረባትና ወዲያው ወሰዳት። ክንዱ ቢደነዝዝም ንቅንቅ አላለም። ደብተሮቹ ጠረጴዛው ላይ ሳይታረሙ አደሩ።